ሰላም የሚጸናው በማን ፊርማ ነው?



በጉለሌ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ተማሪዬ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ለእኔ ብቻ የቀረበ መስሎ ስላልታየኝ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ወገኖቼም ቢያስቡበት ይጠቅማል በማለት በአምዳችሁ ላይ እንዲወጣልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ካውካሰስ አገሮች ስንነጋገር፣ አርመንያና አዘርባጃን ከሠላሳ ዓመት በላይ ደም የተቃቡበትን ጠብ ለማብረድ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን እንደተገናኙና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቻቸውም በሰላሙ ውል ረቂቅ ላይ የመጀመሪያ ፊርማቸውን እንዳኖሩ ነገርኋቸው። በአዘርባጃን በኩል የተገኙት መሪ ፕሬዚዳንቱ ኢልሃም አሊዬቭ፣ በአርመንያ በኩል ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኮል ፓሺንያን ናቸው ስል፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣና «ቲቸር፣ የአርመንያ ፕሬዚዳንትስ የት ሄደው ነው?» አለኝ። (መምህር ብሎ የሚጠራን ተማሪ ከቀረ ቈይቷል።) ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ሣቁ ሳያባራ አንዲት ልጅ ቀበል አድርጋ «የኛስ ፕሬዚዳንት ፕሪቶሪያ ነበሩ እንዴ?» ስትል ግን ክፍሉ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ደወሉ ደረሰልኝ እንጂ በዚያ ሰዓት የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያሰብሁትን ልናገር። አስቀድሜ የአርመኖቹን ነገር አነሣለሁ። አርመኖች ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደሉም። ከእልቂት የተረፉት እናት አባት የሌላቸው «አርባ ልጆች» በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አማካይነት ከኢየሩሳሌም ወደ አገራችን የመጡት በ1916 ዓ.ም. ነው፤ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የደረሱት ዜማም እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መጨረሻ ድረስ የአገራችን ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የእነሱን ቤት ጉዳይ ብናወሳ የሩቅ ሰው ሐሜት አይሆንብንም።

አርመንያ በመስከረም 1984 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሌቮን ቴር ፔትሮስያን የጥንታዊ መጻሕፍት ተመራማሪ ነበሩ። በናጎርኖ ካራባኽ ምክንያት የተነሣው ጦርነት በግንቦት 1986 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ሲገታ የበላይነቱ የአርመኖቹ ነበር። እኒህ ሰው ግን በድሉ አልሰከሩም። በሁለት ወገን ድንበሯ የተዘጋባት ትንሽ አገር ከጎረቤቶቿ ጋር ሳትስማማ ለዘለቄታው ልትኖር አትችልም፣ ስለዚህ አንዳንድ ነገር ለቅቀን ብንታረቅ ይሻላል የሚል አሳብ በጥቅምት 1990 ዓ.ም. በጋዜጣ ላይ ጽፈው አወጡ። የገዛ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውና ጦሩንና ጸጥታውን የያዙት ሚኒስትሮች ተነሡባቸው፤ በጥር ወር ማለቂያ ላይ ከሥልጣናቸው ለቀቁ። እርሳቸው በለቀቁ በሦስት ወር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በኛ አገር የባድመ ጦርነት ተነሣ። የሁለቱን ዓመተ ምሕረት አንድ መሆን ሳስተውል በጣም ተገረምሁ።

በእግራቸው የተተኩት ሮበርት ኮቻርያን ራሳቸው የካራባኽ ተወላጅና ቀድሞ የዚያ መሪ የነበሩ ናቸው። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በኪ ዌስት ከአዘርባጃኑ መሪ ከሄይዳር አሊዬቭ ጋር ተቀምጠው ተነጋግረው ነበር፤ ፍሬ አላፈራም። ቀጥለው የመጡት ሴርዥ ሳርግስያን ደግሞ የቱርክን ፕሬዚዳንት አብዱላህ ጉልን ለእግር ኳስ ጨዋታ ዬሬቫን ድረስ ጋበዙ፤ ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች አብረው ተቀምጠው ኳስ ተመለከቱ። በዓመቱ፣ መስከረም 30 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በዙሪክ ሁለት ሰነዶች ፈረሙ። (የአርመኑ ሚኒስትር ስማቸው ናልባንድያን ነበር፤ የኛው ናልባንድያን ዘመድ ይሁኑ አይሁኑ አልመረመርሁም።) ይሁን እንጂ አንዱም ፓርላማ ሳያጸድቃቸው ወረቀቶቹ ስምንት ዓመት በመደርደሪያ ላይ ከሰነበቱ በኋላ በየካቲት 2010 ዓ.ም. አርመንያ ሰረዘቻቸው።

የተማሪዬ መልስ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አርመንያ በ2008 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቷን በሕዝብ ውሳኔ አሻሽላ ሥልጣኑን ከፕሬዚዳንቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዛወረች። በዚህ ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንት የሆኑት አርመን ሳርኪስያን በለንደን በአምባሳደርነት የሠሩ ሰው ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር ጦርነቱ እንደገና ተነሥቶ፣ በአርባ አራት ቀኑ አርመንያ ተሸንፋ በኅዳር መባቻ የጦርነት ማቆሚያው ሲፈረም ፈራሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ግን ነገሩን የሰማሁት ከወሬ ማሰራጫ ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። የአንድ አገር ርእሰ ብሔር የገዛ አገሩን የጦርነት መጨረሻ እንደ ማንኛውም ዜጋ ከዜና ሲሰማ አስቡት! በጥር 2014 ዓ.ም. በአስቸጋሪ ጊዜ በአገር ጉዳይ ላይ ለመሥራት የሚያስችል መሣሪያ የለኝም ብለው ለቀቁ። እንግዲህ የአርመንያ ፕሬዚዳንት የትም አልሄዱም፤ ብዕሩን ከእጃቸው የወሰደው ሕጉ ነው።

የኛም እንዲሁ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ የምክር ቤቶቹን የጋራ ስብሰባ ይከፍታሉ፣ የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማሉ፣ ኒሻን ይሰጣሉ፣ ይቅርታ ያደርጋሉ። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥነትና የውጭ ጉዳዩ መሪነት በአንቀጽ 74 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የፈረሙት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንጂ በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አልነበሩም። የሚያስደንቀው፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴና አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ሦስቱም በአምባሳደርነት ያገለገሉ ሰዎች መሆናቸው ነው። በዲፕሎማሲ የተካነውን ሰው መርጠን፣ ዲፕሎማሲው በሌላ ቢሮ በሚሠራበት ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። ይህን በማለቴ ሕጉ ይለወጥ ማለቴ አይደለም። ብዕሩ በአንድ ሰው እጅ በነበረበት ዘመን ሰላሙ ምን ያህል እንደጸና ማየት ይገባናልና ወደዚያው ልመለስ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ በከተማችን ከተመሠረተ አምስት ወሩ ነበር፣ አልጄርያና ሞሮኮ በድንበር ምክንያት ሲታኰሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማሊው ፕሬዚዳንት ከሞዲቦ ኬይታ ጋር ሆነው ንጉሥ ሐሰን ዳግማዊንና ቤን ቤላን በጥቅምት 1956 ዓ.ም. በባማኮ አገናኟቸው። ተኩስ እንዲቆም ተስማሙ። ነገር ግን በባማኮ ዋናው ቁም ነገር የመሪዎቹ መጨባበጥ አልነበረም። ጉዳዩ ወደ ድርጅቱ እንዲተላለፍ ተወሰነና፣ በኅዳር ወር የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት በአዲስ አበባ ተሰብስቦ ኢትዮጵያ፣ ማሊ፣ ናይጄርያ፣ ሴኔጋል፣ ሱዳን፣ ታንጋኒካና አይቮሪ ኮስት የሚገኙበት የሰባት አገሮች ኮሚሽን አቋቋመ። ቤን ቤላ በ1957 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ ኬይታም ቈይተው ወረዱ፤ ሁለቱ አገሮች ግን በ1964 ዓ.ም. በድንበሩ ላይ ውል ተፈራረሙ። አሁንም ቢሆን የሚዋደዱ ጎረቤቶች ናቸው ማለቴ አይደለም።

በአገራችን የእርቅ ሥርዓት ታራቂዎቹ ይቅር ከተባባሉ በኋላ ሽማግሌው «ዋስ ጥሩ» ይላል። የባማኮው ኮሚሽን ዋስ ነበረ።

በዚያው በ1964 ዓ.ም. የካቲት ወር የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ነጻ አውጪዎች በአዲስ አበባ ተስማሙ። ድርድሩን ያቀናበሩት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ነበሩ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግሁት ለእኔ ይህን ማስታወስ ደስ ይለኛል። እጅግ የከበደው የጦሩ ነገር ነበር፤ በመጨረሻ በደቡብ ከሚሰፍረው 12,000 ወታደር ግማሹ፣ 6,000ው፣ ከደቡብ ተወላጆች እንዲሆን ተስማሙ። ውሉ በመጋቢት በዚሁ በከተማችን ጸደቀ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት የቆየው ጦርነትም ቆመ። ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ኖረ። ያፈረሰው ማን ነው ቢባል፣ ሰላሙን ያደረጉት ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ራሳቸው ናቸው፤ በ1975 ዓ.ም. የደቡቡን አስተዳደር በትእዛዝ ሦስት ቦታ ከፈሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፣ «ቃልህ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ዋስም አልተገኘም። ያ ጦርነት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ስንት ሰው እንደፈጀና ስንቱን ስደተኛ ወደ ጋምቤላ እንዳመጣ፣ በጋምቤላ የሠራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር እመጣለሁ፤ ባልመጣ ደስ ባለኝ።

አባቴ በጦር ሠራዊት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በየካቲት 1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ሞተ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በአዳሪ ትምህርት ቤት ነበርሁ፤ መርዶው የደረሰን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን አሰማ። በመጀመሪያ ባድመ ለእኛ ተፈረደች ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፣ ሰፈራችንም እልል አለ። ውሎ አድሮ ግን ውሳኔው ባድመን ለኤርትራ እንደሰጠ ታወቀ። እናቴ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የአባቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳ ወለወለችና መልሳ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሰላምም ጦርነትም ያልሆነ ጊዜ አለፈ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈራረሙ ቴሌቪዥኑን አብረን እናይ ነበር። እናቴ እልል አለች። ከልቧ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ስልክ ተከፍቶ ሃያ ዓመት የተለያዩ ወንድማማቾች ሲነጋገሩ ያየ ሰው ደስታውን ሊንቀው አይችልም። እልልታዋን ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «አንተ የታሪክ አስተማሪ ነህ፤ ባድመስ ታዲያ ለማን ሆነች? ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ።

ፈልጌ አገኘሁት፤ አጭር ወረቀት ነው። የድንበሩ ውሳኔ ሥራ ላይ ይውላል ይላል። መቼ፣ እንዴት፣ በማን ዋስትና እንደሚውል ግን አይናገርም። ቀደም ሲል በግንቦት ማለቂያ ገዢው ግንባር ውሳኔውን እንደሚቀበል ባስታወቀ ጊዜ፣ የኢሮብ ሰዎች ማንም አላማከረንም ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ፤ ገና የገና በዓል ሳይደርስ ተመልሶ ተዘጋ። የአየር መንገዳችን የአሥመራ በረራም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋረጠ። ለእናቴ «እማዬ፣ ይውላል ነው የሚለው» አልኋት። «ይውላል ማለት መቼ ነው?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፣ እስካሁንም አልሰጠኋትም።

የሥራ ባልደረባዬ የሆነ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ይህን አሳቤን አይወደውም። ድርድር በገበያ መካከል አይደረግም፣ ቴር ፔትሮስያንን የጣላቸው አሳባቸውን በጋዜጣ ማውጣታቸው ነው ይላል። ከክርክሩ እውነት የሆነው ክፍል እንዳለ አልክድም። ሽማግሌም ሲያስታርቅ ጎረቤቱን ሁሉ አይጠራም። ነገር ግን ምክሩን በምስጢር መያዝ ሌላ ነው፣ የተቋጨውን ውል በምስጢር መያዝ ደግሞ ሌላ ነው። ቴር ፔትሮስያን ጽፈው የነበሩት ስድስት ዓመት በሥልጣን ከቆዩ በኋላ፣ ሕዝቡ የሰማው ስለ ድል ብቻ ሆኖ ሳለ ነው። ዘግይተው ተናገሩ እንጂ መናገራቸው አልነበረም ስሕተቱ። ያን ጊዜ ሰምቶ የነበረ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከመቶ ሺሕ በላይ አርመኖች ካራባኽን ለቅቀው በመኪና ተጭነው ሲሰደዱ በዜና አይተናል።

ፕሪቶሪያን ከዚህ አንጻር ሳየው አንድ የተሻለ ነገር አይበታለሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በወጉ ተጽፎ ታትሟል፤ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎች ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ በምስክርነት ቆመውበታል፣ የክትትል ቡድንም ተመድቦለታል። ሰሜኑ በሙሉ ተረጋግቷል፣ ተፈናቃዩም ሁሉ ቤቱ ገብቷል የሚል ሰው ግን እኔ አልሆንም። ቢሆንም ለተማሪዬ ለዚያች ልጅ፣ «ፕሬዚዳንቷ በፕሪቶሪያ አልነበሩም፤ ወረቀቱ ግን አለ፣ አንብቢው» ልላት ችያለሁ።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ያስተማሩን አሮጊት መምህርት «ትርጓሜውን ከመስማታችሁ በፊት ቃሉን አንብቡ» የማለት ልማድ ነበራቸው፤ በልጅነቴ ያሰለቸኝ ነበር። ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የ1964ቱ የአዲስ አበባ ውል፣ የአልጀርሱ ውል፣ የ2010ሩ መግለጫና የፕሪቶሪያው ስምምነት በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ተተርጕመው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይድረሱ። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ጦርነቶች ገጽ በገጽ ተጽፎ እናገኛለን፤ ጦርነቶቹን የዘጋው ወረቀት ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት መንግሥት ከውጭ ጋር የሚዋዋለውን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ውል በቀረበ ጊዜ የድንበሩ አካባቢ ሰዎች ጉዳያቸው ከመጽደቁ በፊት በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ቢሰሙ ምን ይጐዳል? ከባድመም፣ ከኢሮብም፣ ከዛላምበሳም የሚመጣ ሰው ለመሳፈሪያው የሚያወጣው ገንዘብ ለአንድ ቀን ጦርነት ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የአልጀርሱን ውል አንቀጽ በአንቀጽ ለማንበብ አስቤአለሁ። በእጄ ያለው የእንግሊዝኛው ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ግማሹን ማታ ማታ ራሴ ተርጕሜአለሁ፤ የሕግ ቃሎቹ ግን አስቸግረውኛል። ከአንባብያን መካከል በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የአማርኛ ትርጕሙን የሚያገኝ ሰው ቢኖር፣ በዚሁ ጋዜጣ አማካይነት ቢያስታውቀኝ መጥቼ እገለብጠዋለሁ። አንድ ቅጂ ለክፍሉ፣ አንዱን ደግሞ ለእናቴ አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉለሌ አስተማሪ